ቦይለር ሲበላሽ ይጠገን ወይስ ይቀየር? ከሐረር፣ እዚሁ ውሃና እዚሁ መብራት ላይ ከተማርኩት

ባለፈው አንድ ጎረቤታችን ቦይለሩን ከግድግዳው ነቅሎ በረንዳ ላይ አስቀምጦ ከቆራሌው ጋር ዋጋ ሲከራከር ደረስኩ። ምን ሆኖ ነው ስለው "አቦ ሞቷል ባክህ፣ አያሞቅም" አለኝ። ገልብጬ የታችኛውን ክዳን ስፈታው ኤለመንቱ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ላይ ከሚገቡት ሁለት ሽቦዎች አንዱ ጫፉ ተቃጥሎ ወልቋል፣ በቃ ሌላ ምንም የለውም። ሽቦውን ቆርጬ አዲስ ተርሚናል አስገብቼ መልሰን ሰቀልነው፣ ይሄው እስካሁን ይሰራል። ቆራሌው ግን አኩርፎኝ ሄደ።

እኔ እዚህ ሐረር አንድ ፔንሲዮን ውስጥ ለዓመታት ጥገና ሰርቻለሁ፣ በየክፍሉ ባለ 30 ወይም ባለ 50 ሊትር ቦይለር ነበረ፣ ስለዚህ ያላየሁት የብልሽት ዓይነት ብዙ አይደለም። ከዛ ሁሉ የቀረኝ ነገር ይሄ ነው፦ የውስጥ ታንኩ እስካልተበሳ ድረስ ቦይለር አልሞተም። ኤለመንት (ሬዚስታንስ የሚሉትም አሉ)፣ ተርሞስታት (ሙቀቱ ሲበቃ የሚቆርጠው)፣ ጎሚኒ (ውሃ እንዳያፈስ መገጣጠሚያው ላይ የሚገባው ላስቲክ)፣ ሴፍቲ ቫልቭ፣ ሽቦ፣ ሶኬት ሁሉም ተገዝቶ የሚገባ ነው። ታንኩ ከተበሳ ግን ማንም አያድነውም። እና ደግሞ ምን እንዳበላሸው ሳታውቁ ሮጣችሁ አዲስ ብትገዙ አዲሱም በዛው በሽታ ነው የሚሄደው፣ ይሄን ሰው አይሰማም።

የምጽፈው ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀለው ውሃ ስለሚያጠራቅመው ኤሌክትሪክ ቦይለር ነው። ሻወሩ ጫፍ ላይ ስለሚገጠመው ኢንስታንት መጨረሻ አካባቢ ትንሽ እላለሁ።

መጀመሪያ ግን እንዳትሞቱ

ብሬከሩን አውርዱ። የግድግዳውን ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ አጥፍቶ መፍታት የለም፣ ምክንያቱም ብዙ ቤት ውስጥ ሽቦው ተገላብጦ ተገጥሞ ማጥፊያው የሚቆርጠው ኑትራሉን (መመለሻውን ሽቦ) ነው፣ የቦይለሩ ትንሿ መብራት ጠፍታ እያያችኋት ኤለመንቱ ላይ ፌዝ (የሚነዝረው ሽቦ) ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ብሬከሩን ካወረዳችሁም በኋላ በቴስተር ካቻቢቴ ሁለቱንም ሽቦ ንኩና አረጋግጡ፣ ቴስተሩ ራሱ እንደሚሰራም መጀመሪያ ሌላ ሶኬት ላይ እዩት። ቤት ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ንገሩ፣ ልጅ መጥቶ ብሬከር ሊያነሳ ይችላል።

ሻወር ስትወስዱ ወይ ቧንቧውን ስትነኩ የሚነዝራችሁ ከሆነ ደግሞ ትንሽም ቢሆን፣ "ቀለል ያለ ነው" ብላችሁ አትለፉት፣ ያን ቀን አጥፉትና እስኪታይ አትጠቀሙበት። ብዙ ጊዜ ኤለመንቱ ተሰንጥቆ ወደ ቦይለሩ አካል መብራት እያሳለፈ ነው ማለት ነው፣ ከዛ ላይ ደግሞ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ) ያልተዘረጋለት ቤት ከሆነ መብራቱ የሚያልፍበት መንገድ እናንተ ናችሁ።

የሚያስፈልጋችሁ እቃ ካቻቢቴ፣ ቺያቤ፣ መልቲሜትር (ርካሹም ይበቃል)፣ ሶፍት፣ የእጅ ባትሪ፣ ቴፍሎን፣ ባዶ ጀሪካን።

አንድ፣ ከመፍታታችሁ በፊት ታሪኩን አጣሩ

ስንት ዓመቱ ነው? የተገዛበትን ቀን ካላስታወሳችሁ ጎኑ ወይ ታቹ ላይ ያለውን ስቲከር እዩ፣ ብዙዎቹ ላይ የተመረተበት ጊዜ አለ፣ ዋቱም እዛው ነው፣ ጻፉት ያስፈልጋችኋል። ከመበላሸቱ በፊት ውሃ ጠፍቶ ነበር? መብራት ሄዶ መጥቶ ነበር?

አሁን ደግሞ ቮልቴጁን ለኩ፣ በተለይ ብልሽቱ "ድሮ ቶሎ ያሞቅ ነበር አሁን ዘገየ" ከሆነ። የኤለመንት ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር እኩል እኩል አይደለም የሚወርደው፣ በካሬ ነው የሚወርደው። ባለ 1500 ዋት ቦይለር በ220 ቮልት 50 ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈጅበታል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ወደ 180 ከወረደ ግን ያ ቦይለር 1000 ዋት ብቻ ሆነ ማለት ነው፣ ስለዚህ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ቦይለሩ ምንም አልሆነም። ማታ ለኩ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይም ለኩ፣ ልዩነቱን ታዩታላችሁ፣ መፍትሄው ቮልቴጅ ደህና ሲሆን ማሞቅ ነው እንጂ አዲስ ቦይለር አይደለም።

ሁለት፣ ጭራሽ አያሞቅም የምትሉት

የቦይለሩ መብራት ካልበራች ከሶኬቱ ጀምሩ። ሶኬትና ፕለጉን ነቅላችሁ እዩት፣ ጠቁሮ ወይ ቀልጦ ከሆነ አገኛችሁት። ባለ 1500 ዋት ወደ 7 አምፔር፣ ባለ 2000 ዋት ወደ 9 አምፔር ይስባል፣ የላላ ሶኬት ይሄን በየቀኑ ለሰዓታት አይችልም። ሶኬቱ ደህና ከሆነ የታች ክዳኑን ፍቱ፣ ተርሞስታቱ ላይ ትንሽ ቁልፍ አለች፣ ብዙ ጊዜ ቀይ ናት፣ ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ዘላ የምትቆርጠው እሷ ናት። ተጫኗት፣ ቀጭ ካለች ይሰራል። ግን በሳምንቱ ደግማ ከቆረጠች ተርሞስታቱ ተጣብቋል ወይ ኤለመንቱ በኖራ ተሸፍኗል ማለት ነው፣ ዝም ብሎ በየጊዜው መጫን አይሆንም።

መብራቷ በርታ ውሃው ከቀዘቀዘ ወደ ኤለመንቱ ሂዱ። ሁለቱን ሽቦ ንቀሉ፣ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፍ ለኩ። ባለ 1500 ዋት 32 ኦም አካባቢ፣ ባለ 2000 ዋት 24 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ምንም ካላሳየ ተቆርጧል። ቀጥሎ መልቲሜትሩን ትልቁ ኦም ላይ አድርጉና አንዱን ጫፍ ከኤለመንቱ ጫፍ ሌላውን ከቦይለሩ ብረት ጋር ለኩ፣ እዚህ ጋ ምንም ማሳየት የለበትም፣ ቁጥር ካሳየ ወደ አካሉ እያሳለፈ ነው፣ ብሬከር የሚጥለውም የሚነዝራችሁም እሱ ነው። በሁለቱም መንገድ የወደቀ ኤለመንት ይቀየራል፣ ቦይለሩ አይቀየርም።

ተርሞስታት ሲበላሽ "ዳይሬክት ላርግልህ" የሚል ሰራተኛ ከመጣ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት። ተርሞስታቱን ዘሎ በቀጥታ ማገናኘት ማለት ውሃው እስኪፈላ የሚያቆመው ነገር የለም ማለት ነው። ተርሞስታት ደግሞ ከእቃዎቹ ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ነው፣ ለሱ ሲባል ቤት ውስጥ ቦምብ አይሰቀልም።

በነገራችን ላይ ሰራተኛ የምትጠሩ ከሆነ ጠዋት ጥሩ። ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ ያለ ሰው "መጣሁ" ይላችኋል፣ የሚመጣው ግን ነገ ነው።

ሦስት፣ ያንጠባጥባል

ሰው ቦይለር ያለጊዜው የሚጥለው እዚህ ጋ ነው። ታች በሰማያዊው (በቀዝቃዛው ውሃ) መግቢያ በኩል ያለችው ትንሽ ቫልቭ፣ ሴፍቲ ቫልቭ ማለት ናት፣ ቦይለሩ ሲያሞቅ ጠብ ጠብ ብትል ብልሽት አይደለም። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል፣ 50 ሊትር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሄድ ሦስት አራተኛ ሊትር ገደማ ይጨምራል፣ ያ ውሃ የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። ቀጭን ቱቦ አስገብታችሁ ወደ ፍሳሹ ምሯት በቃ። ቀዝቅዞም ቀኑን ሙሉ የምታንጠባጥብ ከሆነ ግን ቫልቯን ቀይሯት፣ እሷም ርካሽ ናት። አንድ ቤት ሄጄ ቫልቭዋን በፕላስቲክና በገመድ ጥፍር አድርገው አስረዋት አየሁ፣ ጎረቤት ነው የመከራቸው፣ ወላሂ በሩ ላይ ቆሜ ነው "መጀመሪያ አጥፉልኝ" ያልኳቸው።

ይቺ ቫልቭ ሌላም ስራ አላት፣ ለኛ አገር ደግሞ ዋናው እሱ ነው። ውሃውን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የምታሳልፈው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መስመሩ ባዶ ሲሆን ቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይወጣ የምትይዘው እሷ ናት። አንዳንድ ሰራተኛ "ውሃ ትቀንሳለች" ብሎ አውጥቶ ይጥላታል፣ ከዛ ውሃ በጠፋ ቀን ታንኩ ይጎድላል፣ ኤለመንቱ አየር ላይ ይቀራል፣ እናንተ ሳታውቁ ስትሰኩት ወዲያው ይቃጠላል። በዓመት ሁለት ኤለመንት የቀየረ ሰው ካለ ኤለመንቱን ሳይሆን ይቺን ቫልቭ ይፈልግ።

የቀረው ማንጠባጠብ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ሁሉንም በጨርቅ አድርቁና በሶፍት ከላይ ወደ ታች እየነካችሁ ውረዱ፣ ሶፍት ውሸት አያውቅም። ፍሌክሲብሉ መገጣጠሚያ ላይ ከረጠበ ቴፍሎን ወይ ጎሚኒ ነው። ታች ኤለመንቱ በቡሎን የታሰረበት ክብ ብረት ዙሪያ ከረጠበ ትልቁ ጎሚኒ ደርቋል፣ ይቀየራል። እነዚህ ሁሉ ደርቀው ውሃው ግን ከቆርቆሮው ልብስ ስፌት፣ ዝገት ይዞ፣ ቡኒ መስመር ሰርቶ የሚወርድ ከሆነ ታንኩ ተበስቷል። እዚህ ጋ ጥገና አበቃ።

"አይበየድም እንዴ?" ትላላችሁ። እኛም አስበይደን ነበር። የፔንሲዮኑ ባለቤት "ጋሼ፣ አይሆንም" ብላቸው "አንተ ዝም ብለህ ውሰደው" አሉኝ፣ አንድ ጋራዥ ወስጄ ስፖንጁን ገፈን አስበየድነው፣ ብየዳው ራሱ ያምራል፣ ሰቀልነው። ወር ሳይሞላ ከብየዳው ሁለት ጣት ራቅ ብሎ ፈሰሰ። ታንኩ ከውስጥ እንደ ሸክላ ሳህን ኢናሜል የተቀባ ነው፣ የብየዳው እሳት ያንን ያነሳዋል፣ ከዛ ብረቱ ራቁቱን ይቀርና ይዝጋል። የብየዳው ብር፣ የባጃጁ ብር፣ ሁለት ጊዜ ማውረድና መስቀል፣ ተደምሮ አንድ ኤለመንት ይገዛ ነበር።

አራት፣ ሆዱን ክፈቱና እዩ

ታንኩ ካልፈሰሰ፣ ግን ሲያሞቅ እንደ ፈንዲሻ ጣጣ ጣጣ የሚል ከሆነ ወይም ሙቁ ውሃ አንድ ሰው ሳይታጠብ የሚያልቅ ከሆነ ውስጡ ኖራ ሞልቷል። የኛ ውሃ የታወቀ ነው። ሐረር ድሮ ከሐረማያ ሐይቅ ነበር የምትጠጣው፣ ሐይቁ በ1990ዎቹ ሲደርቅ ከድሬዳዋ በኩል ካለ ጉድጓድ ወደ ላይ እየተገፋ ነው የሚመጣልን፣ የድሬ የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ የወጣ ስለሆነ ማንቆርቆሪያ ሳይቀር ነጭ ያለብሳል። ማንቆርቆሪያችሁ ታች ያለው ቅርፊት ቦይለሩ ውስጥም አለ፣ እዛ ግን አታዩትም።

አጥፉ፣ ይቀዝቅዝ፣ የቀዝቃዛውን መግቢያ ዝጉ፣ የሙቁን ቧንቧ ክፈቱ (አየር እንዲገባ)፣ የሴፍቲ ቫልቭዋን እጀታ አንሱና ውሃውን ወደ ጀሪካን አውርዱ። አትድፉት፣ ለቤት መወልወያ ይሆናል፣ በፈረቃ ዘመን 50 ሊትር ቀልድ አይደለም። ከዛ ቡሎኖቹን ፈትታችሁ ኤለመንቱን በቀስታ ወደ ታች ሳቡት፣ ከነቅርፊቱ ነው የሚመጣው። እኔ አንዴ ካወጣሁት ውስጥ ኤለመንቱ አይታይም ነበር፣ እንደ ነጭ ኮረት የተጋገረ ነገር ብቻ፣ ግማሽ ባልዲ ቅርፊት በእጄ ዝቄ አወጣሁ። ድሬ ያላችሁ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፣ ምንም እንኳን ድሬ ላይ ቦይለር የሚያስፈልገው ከጥቅምት እስከ ጥር ጠዋት ብቻ ቢሆንም፣ ግንቦት ላይማ ጣራ ላይ ያለው ሮቶ ራሱ ቦይለር ነው።

ኤለመንቱ ኦሙ ደህና ከሆነ አቼቶ ውስጥ አሳድሩት፣ ጠዋት ቅርፊቱ በእጅ ይለቃል። የሽቦ መግቢያው ጫፍ አይርጠብ። የመጸዳጃ አሲድ ታንኩ ውስጥ የሚያፈስ ሰው አይቻለሁ፣ አታድርጉት፣ ብረቱን ነው የሚበላው።

ከኤለመንቱ አጠገብ ደግሞ የጣት ውፍረት ያላት ዘንግ አለች፣ አኖድ ትባላለች፣ ከማግኒዥየም ነው የምትሰራው። ስራዋ በታንኩ ፈንታ መበላት ነው፣ ውሃው ብረቱን ከመብላቱ በፊት እሷን ይበላል። ውስጧ ያለው ቀጭን ሽቦ መታየት ከጀመረ ወይም ግማሽ ከሆነች ቀይሯት። ብዙ ሰው ቦይለር ገዝቶ እስኪጥለው ድረስ ይቺን ነገር አይቷት አያውቅም፣ በየዓመቱ ወይ በየሁለት ዓመቱ ብትታይና ብትቀየር ግን ታንኩ ብዙ ይቆያል። ከዛ ባትሪ አብርታችሁ ወደ ታንኩ ውስጥ ተመልከቱ፣ ኢናሜሉ አብረቅራቂ ከሆነ እሰየው። ቡኒ እባጭ እባጭ ነገር ካያችሁ፣ በተለይ ስፌቱ ላይ፣ ገና አልፈሰሰም እንጂ መንገድ ላይ ነው፣ ብር አታውጡበት።

አምስት፣ አሁን ሂሳቡ

ዋጋ በየጊዜው ስለሚወጣ በብር አልነግራችሁም፣ አዲሱ 100 ነው እንበልና በዛ አስሉት። ቦይለሩ ከ5 ዓመት በታች ሆኖ ታንኩ ደህና ከሆነ አታስቡ፣ ጠግኑት። ከ5 እስከ 8 ዓመት ውስጥ ከሆነ እቃና ጉልበት ተደምሮ ከ50 ካለፈ እቀይራለሁ፣ ከ50 በታች ከሆነ እጠግናለሁ፣ ግን ያየሁት የታንኩ ውስጥ ንጹህ ከሆነ ብቻ። ከ8 ዓመት በላይ ለሆነው (ታንክ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ዓመት ነው የሚኖረው፣ የኛ ውሃ ላይ ወደ 8ቱ ያዘነብላል) ጎሚኒ፣ ሽቦ፣ ሶኬት፣ ተርሞስታት ይገባለታል፣ ኤለመንትና አኖድና ቫልቭ አንድ ላይ ከጠየቀ ግን ይበቃዋል። የውጭ አገር ሰው ቶሎ የሚጥለው የሰራተኛ ዋጋ ውድ ስለሆነበት ነው፣ እዚህ ተቃራኒ ነው፣ ጉልበት ርካሽ እቃ ውድ፣ ስለዚህ እኔ ወደ ጥገና አደላለሁ፣ አልደብቅም።

እቃ ፍለጋ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ሐረር አጥቼ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ፣ ለጎሚኒ ወርጄ፣ ስፋቱን በስልክ ፎቶ ብቻ ይዤ፣ ባለሱቁ "ይሄው ነው" ብሎ ሸጠኝ፣ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ቤት ስደርስ በግማሽ ጣት ሰፋ። በማግስቱ አሮጌውን በፌስታል ይዤ ተመልሼ ወረድኩ። ኤለመንትም እንደዛው ነው፣ የክቡ ብረት ስፋትና የቡሎን ቀዳዳው ቁጥር ይለያያል፣ ዋቱም ካሮጌው አይብለጥ።

ስትመልሱት

ጎሚኒው የሚያርፍበትን ጠርዝ ጥርግ አድርጉ፣ ቡሎኖቹን አንዱን ጨርሶ ሳይሆን እያፈራረቁ በመስቀል አጥብቁ። ከዛ ውሃ ክፈቱ፣ የሙቁን ቧንቧም ክፈቱ፣ መጀመሪያ ፊሽ ፊሽ ይላል፣ አየሩ ወጥቶ ውሃው ያለማቋረጥ እስኪወርድ ጠብቁ። ከዛ በኋላ ብቻ ነው ብሬከር የሚነሳው። አዲስ ኤለመንት ገዝቶ ገጥሞ፣ ለማየት ቸኩሎ ባዶውን ሰክቶ፣ እዛው ያቃጠለ ሰው አውቃለሁ፣ መስታወት ውስጥ ነው የማየው። ተርሞስታቱን 55 ወይ 60 ላይ አድርጉት፣ ከዛ በላይ ሲሆን ኖራው በፍጥነት ነው የሚጋገረው።

ከቀየራችሁ

ባለ 50 ሊትር ሲሞላ ከነራሱ ወደ 70 ኪሎ ይሆናል። ብሎኬት ግድግዳ ላይ በፊሸር ብቻ አትስቀሉት፣ ቡሎኑ ወዲያ ማዶ ወጥቶ በላሜራ ይታሰር፣ ጀጎል ውስጥ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ላይ ከሆነማ ከታች የብረት እግር አድርጉለት። ሽቦው 2.5 ሚሊ፣ የራሱ ብሬከር 16 አምፔር፣ ግራውንድ ያለው። ግራውንድ ከሌለ ቦይለሩ ከመገዛቱ በፊት ግራውንዱ ይቀበር። ዋስትናውን ስትጠይቁ የታንኩን ለብቻ የኤሌክትሪኩን ለብቻ ጠይቁ፣ አንድ አይደሉም።

ኢንስታንቱን የሚያስቡ አሉ፣ ግድግዳ አይሸከምም ርካሽም ነው። ግን ባለ 5500 ዋቱ 25 አምፔር ይስባል፣ ለሱ ደግሞ ከቆጣሪው ጀምሮ ወፍራም ሽቦ ካልተሳበ የቤቱ መስመር ይግላል፣ ማታ በ180 ቮልት ደግሞ ለብ ከማለት አያልፍም። ለኛ ሰፈር አልመክረውም።

አሮጌውን ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ግን ተርሞስታቱን፣ ደህና ከሆነ ኤለመንቱንም ፍቱና አስቀሩ፣ ቡሎኖቹን ጭምር። እሱ የሚከፍላችሁ ለብረቱ ነው፣ እነዚህን ለሌላ ቦይለር ትፈልጓቸዋላችሁ።